«ጌታ ተናገረኝ» ያለ ይመርመር

ኢትዮጵያና ኬንያ የሞያሌን የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በይፋ ሲከፍቱ፣ ሰነድ የያዘ መንገደኛና ነጋዴ ጉዳዩን በአንድ ቦታ ጨርሶ እንዲያልፍ ታስቦ ነበር። ከሀድያና ከከምባታ ተነስተው ደቡብ አፍሪካ ለመግባት የሚጓዙ በርካታ ወጣቶች ግን በዚህ በር አያልፉም። ደላላ እየመራቸው፣ በሞተር ሳይክልና በእግር፣ ጫካ ለጫካ ወደ ኬንያ ይሻገራሉ። ከእነዚህ መካከል ከቤት ሲወጡ የተጸለየላቸው፣ «በሩ ተከፍቶልሃል» የተባሉም አሉ። ርዕሳችን ይህ ቃል ነው።

የሀድያን ስደት ያጠኑት አንትሮፖሎጂስቱ ደረጀ ፈይሳ፣ ጉዳዩን በድህነት ብቻ ማስረዳት እንደማይቻል ጽፈዋል። ከሃያ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ሆሳዕና ላይ አንድ የውጭ ሰባኪ የተናገረው ትንቢት፣ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ በብዙዎች ዓይን እግዚአብሔር የከፈተው ሆኖ እንዲታይ አድርጓል። ከጉዞ በፊት ነቢይ ማማከር፣ ሲደርሱ ደግሞ በጉባኤ ፊት ምስጋና ማቅረብ ተለመደ። የደረሱት በላኩት ገንዘብ ሆሳዕና ላይ የተሠሩት ቤቶችም ለትንቢቱ ማስረጃ ሆነው ይቆጠራሉ። መንገድ ላይ የቀሩት ግን ቆመው አይመሰክሩም።

መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ የ64 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ተገኘ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሉሳካ ዳር የተጣሉ የ27 ሰዎች አስከሬን ተገኘ፤ የዛምቢያ ፖሊስም ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ እንደሚታመን አስታወቀ። ሟቾቹ ሁሉ ትንቢት ሰምተው ወጡ አንልም። መንገዱ ግን ያው መንገድ ነው።

እግዚአብሔር ሰውን ይመራል ብሎ ማመን ለክርስቲያን የዕለት ኑሮ ነው። ሥራ ሲቀየር፣ ትዳር ሲታሰብ፣ መሬት ሲሸጥ አማኝ ጸልዮ ይጠብቃል፤ ኦርቶዶክሱ የንስሐ አባቱን፣ ወንጌላዊው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን ያማክራል። ይህን ልማድ ማንም ሊያፌዝበት አይገባም። ብላቴናው ሳሙኤል እንኳ የሚጠራው ማን እንደሆነ ያወቀው ካህኑ ዔሊ ነግሮት ነው። ጥሪው የመጣው ለልጁ ቢሆንም ማስተዋል የቻለው ሽማግሌው ነበር።

ስለ ጉዞ የሚነገር ትንቢት ምን እንደሚመስል ደግሞ የሐዋርያት ሥራ ያሳየናል። ነቢዩ አጋቦስ ቂሣርያ ላይ የጳውሎስን መታጠቂያ አንስቶ የራሱን እጅና እግር አሰረበት፤ ኢየሩሳሌም ስትደርስ የሚጠብቅህ ይህ ነው ሲል ነው። ወዳጆቹ እያለቀሱ ለመኑት። ጳውሎስ አደጋውን አውቆ፣ ራሱ ወስኖ ሄደ። አጋቦስ ለመንገደኛው የነገረው እስራቱን ነው። የዛሬው ነቢይ ግን የደቡብ አፍሪካውን ራንድ ተናግሮ ስለ ኮንቴይነሩ ዝም ይላል። ያለ ፈቃድ ኬንያ ውስጥ መገኘት በአገሪቱ ሕግ እስከ 500,000 ሽልንግ መቀጮ፣ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም ሁለቱንም እንደሚያስከትል አይናገርም። ለወጪው የተሸጠው መሬትና በሬ የቤተሰቡ ነው፤ በመንገዱ የሚጋለጠው ነፍስም የልጁ። ተናጋሪው የሚያጣው የለም።

«ትንቢትን መመርመር መንፈስን ማዳፈን ነው» የሚሉ አሉ። መንፈስን እንዳናዳፍን የሚያስጠነቅቀው የጳውሎስ መልእክት ግን እዚያው ሁሉን እንድንፈትን ያዛል። መጠየቅ ሲቀር የሚሆነውን ኬንያ አይታዋለች። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኪሊፊ አውራጃ ሻካሆላ ጫካ ከ400 በላይ አስከሬኖች ተቆፍረው ወጥተዋል። ተከታዮቹን ኢየሱስን ለማየት እንዲራቡ አድርጓል የተባለው ሰባኪ ክሱን ክዷል፤ ፍርዱ የፍርድ ቤት ነው። ያን ያህል ሰው ሲያልቅ «ይህ ቃል ከማን ነው?» ብሎ የጠየቀ ማን ነበር የሚለው ግን የክርስቲያኖች ሁሉ ጥያቄ ነው።

መንግሥት ትንቢት ይመርምር አንልም፤ እምነትን መመዘን የካድሬም የፖሊስም ሥራ አይደለም። ነቢይ ከደላላ ጋር ገንዘብ ከተካፈለ ግን ነገሩ ከትንቢት ወጥቶ ወንጀል ይሆናል፤ የሚዳኘውም በሕገ ወጥ የሰዎች ዝውውር አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ነው። የቀረው ኃላፊነት የአብያተ ክርስቲያናት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1208/2012 ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው የኢትዮጵያ ወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል ለአባላቱ ግልጽ ሥርዓት ሊያወጣ ይገባል። ጉዞን፣ ንብረትንና ትዳርን የሚመለከት ትንቢት በጓዳ አይነገር፤ በሽማግሌዎች ፊት ይቅረብ፤ ለተናጋሪው ክፍያ አይኑር፤ ሳይፈጸም ሲቀርም ተናጋሪው በዚያው ጉባኤ ፊት ይጠየቅ። በሞያሌ በሁለቱም ወገን ያሉ አብያተ ክርስቲያናትም ተይዘው ፍርድ ቤት የሚቀርቡትን፣ ታስረው የሚመለሱትን በቅርብ ያያሉ። ያዩትን ለሆሳዕናና ለዱራሜ ምእመናን ይንገሩ። ለደረሰው ምስጋና የሚቀርብበት መድረክ፣ ወሬው ለጠፋው ልጅ ስምም ጸሎት ይያዝበት።

ብያኔያችን አጭር ነው። ከእግዚአብሔር ነው የሚባል ቃል ጥያቄን አይፈራም፤ ጊዜ ቢሰጠውም አይበላሽም። «ዛሬውኑ ካልወጣህ በሩ ይዘጋል» የሚል ትንቢት የደላላ ችኮላ ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ለመመርመር እሺ ያላለ ነቢይ ሲናገር፣ አባት መሬቱን አይሽጥ፤ ልጁንም አይላክ።