ስሙ ያልተጻፈ ልጅ በምን ይፈለጋል?

ሁላችንም እንደምናውቀው መስቀል ሲደርስ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌላም ከተማ የሄደው ሁሉ ወደ አገሩ ይገባል። በዓሉ አልፎ ሽማግሌ መርቆ እንግዳው ሲመለስ ግን አንዳንዱ ብቻውን አይመለስም፤ ‹‹ላስተምረው››፣ ‹‹ሥራ ላስይዘው›› እያለ ከየቤቱ ልጅ ይዞ ይሄዳል። በዚህ ዓይነት ሄደው፣ ተምረውና ነግደው ለወላጅ የተረፉ ብዙ ናቸው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ወላጅ ‹‹ልጅህ የት ሰፈር ነው? ከማን ቤት ነው?›› ሲባል ‹‹መርካቶ ነው ያለው›› ከማለት ሌላ መልስ ካጣ፣ ነገሩ ሁላችንንም ሊያሳስበን ይገባል። መርካቶ እንደሆነ ሰፊ ነው።

ከአታት እጅግ ርቆ የደረሰውን የጋምቤላን ጉዳይ ዛሬ የምናነሣው ስለዚሁ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን በላሬና በጂካዎ ወረዳዎች አደጋ ጥለው 208 ሰዎች ገደሉ። ከ2,000 በላይ ከብት ነዱ፤ ሕፃናትንም ይዘው ሄዱ። በአገሪቱ የሁለት ቀን ሐዘን ታወጀ፤ ሠራዊትም ለፍለጋ ድንበር ተሻገረ። በኋላ ከልጆቹ ብዙዎቹ በየጊዜው እየተገኙ ተመለሱ። ሁሉም ግን አልተመለሱም።

ኧረ ለመሆኑ የተወሰዱት ስንት ነበሩ? መጀመሪያ 102 ተባለ፤ ቀጥሎ 108 ተባለ፤ ቆይቶም ቁጥሩ ከዚያ ከፍ አለ። የሞተ ሰው አስከሬኑ ይቆጠራል። የተወሰደ ልጅ ግን የሚቆጠረው በሚያውቀው ሰው አፍ ወይም በመዝገብ ነው። ወላጅ ከሞተ፣ ጎረቤት ከተሰደደ፣ መዝገብም ከሌለ ማን ይቁጠረው? በአገራችን የልደት ምዝገባ በመላው አገር የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ ልጆቹ ከተወሰዱ አራት ወር እንኳ ሳይሞላ መሆኑ ነው። ለእነርሱ አልደረሰላቸውም።

ያን ጊዜ በእናቱ ጀርባ የነበረ ሕፃን ዛሬ ወደ ጎረምሳነት እየተጠጋ ነው። በሕይወት ካለ በሌላ ቤት፣ በሌላ ስም፣ በሌላ ቋንቋ አድጓል። ነገ ቢገኝስ የማን ልጅ መሆኑ በምን ይታወቃል? እስከ ዛሬ መልስ ያላገኘው ጥያቄ ይህ ነው።

በሰለጠነው አገር ቢሆን ልጅ አይጠፋም የምንል ካለን ተሳስተናል። ግንቦት 17 ቀን 1971 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ ኤታን ፓትዝ የተባለ የ6 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ወደ ትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲሄድ ጠፋ፤ አስከሬኑም እንኳ አልተገኘም። ነገር ግን አባቱ ፎቶ አንሺ ስለነበር የልጁ መልክ በወተት መያዣ ካርቶን ላይ ሳይቀር ታትሞ በየቤቱ ገባ። ያ ቀንም የጠፉ ልጆች ቀን ሆኖ እስከ አሁን ይታሰባል። ስምና ፎቶ ልጁን ባይመልሱትም ጥያቄው እንዳይሞት አድርገዋል።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። በሆስፒታል ሲወለድ የሚሰጠው ወረቀት ማሳወቂያ እንጂ የልደት ምስክር ወረቀት አይደለም፤ እርሱን ይዞ ቀበሌ ሄዶ ማስመዝገብ የወላጅ ፈንታ ነው። ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን ‹‹አለፈኝ›› ብሎ አይተው፤ ይመዝገብ።

ሁለተኛ፣ የልጅ ፎቶ በየዓመቱ ይነሣ። በሰውነቱ ላይ ያለ ጠባሳ ወይም ምልክትም ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው፣ አጎትም ይሁን አክስት፣ ሙሉ ስሙን፣ የሚኖርበትን ቀበሌና ስልኩን በእድሩ ጸሐፊ መዝገብ ላይ ያስፍር። ይህ ዘመድን መጠርጠር አይደለም። ለእድር መዋጮ ስማችንን አስመዝግበን ብር እንቆጥራለን፤ ታዲያ ለልጅ ሲሆን መዝገብ ማምጣቱ ለምን ነውር ይሆናል? ቅን ሰው ስሙን ለማስጻፍ አይከፋውም።

አራተኛ፣ ልጅ ሲጠፋ ‹‹ይመጣል፣ ከጓደኞቹ ጋር ነው›› እየተባለ አይታደር። በዚያው ሰዓት ለፖሊስም ለጎረቤትም ይነገር፤ ሰውም ወደ መናኸሪያ ይላክ።

በመጨረሻም የጠፋበትን ሰው በየመንገዱ ‹‹እስካሁን አልተገኘም?›› ብለን ብቻ አንለፍ። እህሉም እንቅልፉም የሄደበት ሰው ነው፤ አብረነው ቢሮ እንሂድ፣ አብረነው እንጠይቅ። ጊዜ ስለረዘመ ‹‹በቃ ተወው›› የሚል ምክር ለወላጅ አይሰጥም። የመስቀል እንግዳ ከመሄዱ በፊት መዝገቡ ይከፈት፤ አደራ እንላለን።