አሮጌው ክሮኖግራፍ ወይስ አዲሱ?

ሰዓት ሁሉ ጊዜን ያሳያል፤ ሰዓት ሁሉ ግን ቆይታን አይለካም። የእጅ ሰዓት ሆኖ፣ ሰዓቱን ከማሳየት ሌላ፣ አንድ ድርጊት ከተጀመረበት እስከተፈጸመበት ድረስ ያለውን ጊዜ የሚለካው መሣሪያ ክሮኖግራፍ ይባላል። በጎኑ ካሉት ሁለት ቁልፎች የላይኛውን ሲጫኑት ረጅሙ የሰከንድ ቆጣሪ ይነሣል፤ ዳግመኛ ሲጫኑት ይቆማል፤ የታችኛውን ሲጫኑት ደግሞ ወደ መነሻው ይመለሳል። በፊቱ ላይ ያሉት ትናንሽ ክቦች ያለፉትን ደቂቃዎችና ሰዓቶች ይመዘግባሉ። በብዙዎቹ ዙሪያ የፍጥነት መለኪያ ቁጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ። ለምሳሌ አንድ መኪና አንዱን ኪሎ ሜትር በ36 ሰከንድ ቢጨርስ፣ ቆጣሪው 100 ከሚለው ቁጥር ላይ ይቆማል፤ ይህም የመኪናው ፍጥነት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ሰዓት ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ከ50 ወይም ከ60 ዓመት በፊት የተሠራውን አሮጌውን ይግዛ፣ ወይስ ዛሬ ከፋብሪካ የወጣውን? በእኔ አስተያየት ሰዓቱን ለሥራ የሚፈልግ ሰው አዲሱን መምረጥ ይገባዋል። ምክንያቶቼንም ቀጥዬ አቀርባለሁ።

በቅድሚያ ግን የአሮጌው ወዳጆች የሚያቀርቡት ሐሳብ የሚናቅ አለመሆኑን ማመን ያስፈልጋል። እነርሱ እንደሚሉት አሮጌ ሰዓት ታሪክ አለው። ለዚህም አዘውትረው የሚጠቅሱት ኦሜጋ ስፒድማስተር የተባለውን የስዊስ ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ1969 ከጠፈርተኞች ጋር ጨረቃ ላይ ደርሷል። በሚያዝያ 1970 ደግሞ አፖሎ 13 የተባለችው መንኮራኩር የኦክሲጅን ጋኗ ፈንድቶ በአደጋ ላይ ሳለች፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ለመቆጠብ ሲባል ብዙዎቹ መሣሪያዎቿ ተዘግተው ነበር። ጉዞዋን ለማቃናት ሞተሩ ለ14 ሰከንድ ብቻ መሥራት ሲኖርበት፣ ጠፈርተኛው ጃክ ስዊገርት ሰከንዶቹን የለካው በእጁ ላይ ባሰረው ስፒድማስተር ነው። ሦስቱም ጠፈርተኞች በደኅና ወደ ምድር ተመለሱ።

ይህ ታሪክ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የሚደግፈው የአሮጌውን ወዳጆች ሳይሆን የእኔን አስተያየት ነው። ጠፈርተኞቹ ይህን ሰዓት ያሰሩት አሮጌ ስለ ነበረ አይደለም፤ ያን ጊዜ ሰዓቱ አዲስ ነበር። ለገበያ የቀረበው በ1957 ሲሆን፣ የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ የመረጠውም ፈትኖ ነው። የሦስት ኩባንያዎች ሰዓቶች እስከ 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ፣ በእርጥበት፣ አየር በሌለበት ስፍራና በኃይለኛ ንቅናቄ ተፈተኑ። ሁለቱ ወደቁ፤ አንዱ አለፈ። ያለፈውም በመጋቢት 1965 ለጠፈር በረራ ብቁ ነው ተባለ። እንግዲህ የእነዚያን ሰዎች ምሳሌ እከተላለሁ የሚል ሰው መከተል ያለበት ሰዓታቸውን ሳይሆን አመራረጣቸውን ነው። ዛሬ በዚያው ዓይነት ፈተና አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ቢቀርቡ፣ የትኛው እንደሚያልፍ ለመገመት አያዳግትም።

ምክንያቱም አሮጌ ሰዓት በዕድሜው ብዛት የሚያጣቸው ነገሮች አሉ። ውሃ እንዳይገባበት የሚከላከለው የጎማ ቀለበት ይደርቃል፤ ዘይቱ ይረጋል፤ ጥርሶቹ ይበላሉ። የተሰበረውን ለመተካት የሚፈለገው ዕቃ መሠራቱ ከቀረ ብዙ ዓመት ሊሆነው ይችላል። ተራ ሰዓት የሚያድስ ባለሙያ በየከተማው ቢገኝም፣ የክሮኖግራፍን ጥቃቅን ዘንጎችና ሞላዎች አሳምሮ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ እስከ 1960ዎቹ ድረስ በጨለማ እንዲያበሩ ራዲየም የተቀቡ ሰዓቶች ብዙ ነበሩ። ቀለሙ ማብራቱን ቢያቆምም ጨረሩ አይቆምም፤ ራዲየሙ በግማሽ ለመቀነስ እንኳ 1600 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰዓት ከፍቶ ቀለሙን የሚፍቅ ሰው መርዛማ አቧራ ወደ ሳንባው ያስገባል።

ሌላው የአሮጌው ወዳጆች መከራከሪያ ዋጋ ነው። አሮጌ ሰዓት በቆየ ቁጥር ይወደዳል ይላሉ። በ1917 ወይም በ1920 ሳይሆን በቅርቡ፣ በ2017፣ የፊልም ተዋናዩ ፖል ኒውማን ያደርገው የነበረ ሮሌክስ ክሮኖግራፍ በኒውዮርክ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሸጡን እንደ ማስረጃ ያቀርባሉ። ነገር ግን ያን ዋጋ ያወጣው የሰዓቱ እርጅና ብቻ አይደለም፤ የባለቤቱ ዝና ነው። ዝነኛ ባለቤት ያልነበረው አሮጌ ሰዓት ሁሉ እንደዚያ ይሸጣል ብሎ ማሰብ ራስን ማታለል ይሆናል። በአንፃሩ የዋጋው መወደድ አታላዮችን ይጋብዛል። የአንዱ ሰዓት ፊት ከሌላው የውስጥ ዕቃ ጋር ተገጣጥሞ፣ ወይም ፊቱ እንደገና ቀለም ተቀብቶ፣ እንዳልተነካ ሆኖ ይሸጣል። ይህን ለይቶ ለማወቅ የብዙ ዓመት ልምድ ያስፈልጋል።

አዲሱ ነፍስ የለውም የሚሉም አሉ። ዳሩ ግን አዲስ ሲባል ባትሪ ያለው ብቻ ማለት አይደለም። በእጅ የሚሞላና በሞላ የሚሠራ ክሮኖግራፍ ዛሬም ይሠራል። ስፒድማስተርም የቀድሞ መልኩን እንደያዘ፣ ኃይለኛ ማግኔት የማያውከው ሆኖ ይመረታል። ባትሪ ያለውን የመረጠ ደግሞ በአነስተኛ ዋጋ የበለጠ ትክክለኛነት ያገኛል።

ከአባት ወይም ከአያት የተወረሰ ሰዓት ግን በዚህ ክርክር ውስጥ አይገባም። እርሱ የሚመረጥ ሳይሆን በአደራ የሚጠበቅ ዕቃ ነው። «ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» እንደሚባለው፣ ከውሃ መጠበቅ፣ በዐዋቂ እጅ ማሳደስና ፊቱን ሳያስቀቡ መያዝ ይገባል።

በጠቅላላው፣ መታሰቢያ የሚሻ ሰው አሮጌውን ቢወድ አይነቀፍም። ሯጭን፣ ሞተርን ወይም የሕመምተኛን የልብ ትርታ ለመለካት የሚፈልግ ግን ትክክለኛነቱን መርምሮ፣ የሚያድስለትን ባለሙያ አረጋግጦ፣ አዲሱን ይግዛ። መሣሪያ የሚከበረው በዕድሜው ሳይሆን በተፈለገበት ሰዓት ሥራውን በማከናወኑ ነው።