የአንድ ቀን እንግዶች በትሪስታን ደሴት

ዛሬ በንባብ አብረን ሩቅ አገር እንሄዳለን። የምንሄድባት ቦታ ትሪስታን ዳ ኩኛ ትባላለች። ደሴት ናት። ደሴት ማለት ዙሪያዋን ውኃ የከበባት መሬት ናት። በጣና ሐይቅ ላይ ደሴቶች አሉ አይደል? ከእነርሱ ወደ ዳር በጀልባ ቶሎ ይደረሳል። ወደ ትሪስታን ለመድረስ ግን ከደቡብ አፍሪካ ተነሥቶ በትልቅ ባሕር ላይ አንድ ሳምንት ያህል መጓዝ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም።

አልፎ አልፎ አገር ጎብኚዎችን የጫነ ትልቅ መርከብ ይመጣል። ታዲያ የደሴቲቱ ወደብ ትንሽ ስለሆነ አይገባበትም። ራቅ ብሎ ባሕሩ ላይ ይቆማል። ሰዎቹ በትንንሽ ጀልባ ወደ ዳር ይወጣሉ። ማዕበል ከተነሣስ? ያን ጊዜ መውረድ የለም። ያን ሁሉ ቀን ተጉዘው ደሴቲቱን በሩቁ አይተው የሚመለሱ አሉ።

ባሕሩ ጸጥ ካለ ይወርዳሉ። አስቀድሞ ግን ጫማቸው ይጸዳል፤ ልብሳቸው ይፈተሻል። ለምን? ከጭቃ ጋር የአረም ዘር እንዳይገባ ነው። የደሴቲቱ ሰዎች ይህን በመከራ ተምረውታል። ድሮ ከተሰበረ መርከብ አይጦች ወጥተው ተራቡ፤ ድንቻቸውንም በሉባቸው። ስለዚህ መንደርተኛው በቡድን በቡድን ሆኖ አይጥ የሚያድንበት ቀን ነበረው። ረጅም ጅራት ያመጣ ይሸለም ነበር።

እንግዶቹ ምን ያያሉ? መንደሯ አንዲት ናት። ሕዝቧ 230 ያህል ነው። ከጀርባዋ ከ2,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ቆሟል። እንግዶቹ ከፖስታ ቤት ቴምብር፣ ከመንደሩ ሴቶችም የበግ ጠጉር ሹራብ ይገዛሉ። ከዚያ የድንቹን ማሳ ለማየት ይሄዳሉ። ማሳው ነፋስ እንዳይመታው በድንጋይ ካብ ታጥሯል። ድንች ለእነርሱ ዋና ቀለብ ነው። ገንዘብ በሌለበት ዘመን በድንች ይገበያዩ ነበር። መሬቱ የጋራ ነው። ሣሩ እንዳያልቅም አንድ ቤተሰብ የሚያረባው ከብት በቁጥር የተወሰነ ነው።

በ1954 ዓ.ም. ከመንደሩ አጠገብ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ይኸውም ከምድር ሆድ እሳትና የቀለጠ ድንጋይ ወጣ ማለት ነው። ሕዝቡ በሙሉ በመርከብ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። እዚያ ቤትና ሥራ አገኘ። በ1955 ዓ.ም. «እንመለስ ወይስ እንቅር?» ተባለና ድምፅ ተሰጠ። 148 ሰዎች «እንመለስ» አሉ። «እንቅር» ያሉት 5 ብቻ ነበሩ። እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ አብዛኞቹ ወደ ቤታቸውና ወደ ድንች ማሳቸው ገቡ።

ሲመሽ ጎብኚዎቹ ወደ መርከባቸው ይመለሳሉ። ብዙዎቹ ያቺን ደሴት ዳግመኛ አያዩዋትም። ባለአገሮቹ ግን በማግስቱ ማልደው ወደ ማሳቸውና ወደ ከብቶቻቸው ይወጣሉ።

እስቲ ተወያዩበት፦
1. ትልቁ መርከብ ወደቡ ውስጥ የማይገባው ለምንድን ነው?
2. የእንግዶቹ ጫማ ለምን ይጸዳል? በእናንተስ ማሳ ከሌላ ቦታ የመጣ አረም አለ?
3. እናንተ ብትሆኑ ትመለሱ ነበር ወይስ ትቀሩ ነበር? ለምን?