«ከጉግል ነው ያወረድነው»

እማማን ያገኘኋቸው በ2010 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን፣ ጎንደር አጠገብ ወለቃ ውስጥ ነው። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ጀበና ይሠራሉ። ጭቃው ክርናቸው ድረስ ደርቋል፤ ጀበናው ገና እሳት አላየም፣ አንገቱ ላይ የአውራ ጣታቸው አሻራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ፎቶ ላንሳዎት?» አልኳቸው። «አንሳ፤ ግን ለኔም አንድ አጥበህ ታመጣለህ» አሉኝ። አጥቤ ወሰድኩላቸው። ፎቶውንም ቀኝ ጥጉ ላይ ስሜን ጽፌ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት።

ከሦስት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ገብቼ ስኳር ስጠይቅ፣ ከባለሱቁ ጀርባ እማማ ቁጭ ብለዋል። ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ቡና መጠቅለያ ላይ። ስሜ ያለበት ጥግ ተቆርጧል፤ ሲቆርጡት ቀኝ ክርናቸውም አብሮ ሄዷል። ፊታቸውን በኮምፒውተር አቅልተውታል።

ማሸጊያው ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ። ያነሳው ልጅ ትሑት ነው፣ አልተቆጣም፣ አልዋሸም። «ዲዛይነራችን ከጉግል ነው ያወረደው። ጉግል ላይ ያለ የሁሉም ሰው አይደል እንዴ?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው እሱ ብቻ ስላልሆነ ነው ይህን የምጽፈው። ጉግል ወለቃ ሄዶ እማማን አላነጋገረም። ፎቶው የት እንዳለ ይጠቁማል እንጂ የፎቶው ባለቤት አይደለም። ጋዜጦቻችንም ከሥዕሉ ሥር «ምንጭ፦ ኢንተርኔት» ብለው ሲያትሙ ባለቤቱን የጠቀሱ ይመስላቸዋል፤ ማንንም አልጠቀሱም። ያንኑ ፎቶ ጉግል ሌንስ ላይ ቢያስገቡት መጀመሪያ የለጠፈውን ሰው አንዳንዴ ሊያገኙት ይችላሉ።

ሕጉ አለን። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ ከተነሳበት ቀን ጀምሮ የ25 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ስሜ እንዲጠራ የመጠየቅ መብትም አለኝ። ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ100 ሺህ ብር እንዳያንስ ራሱ አዋጁ ወስኗል። ሌላ አገርም ቢሆን «ኢንተርኔት ላይ አገኘነው» የሚለው መልስ ሁልጊዜ አያድንም። የሄይቲው ፎቶ አንሺ ዳንኤል ሞሬል እ.ኤ.አ. ጥር 2010 ፖርቶፕረንስ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ያነሳቸውን ፎቶዎች ትዊተር ላይ ለቀቀ። ሌላ ሰው የራሱ አስመስሎ ለጠፋቸው፤ የፈረንሳይ ዜና ወኪል በዚያ ሰው ስም ለዓለም አሰራጫቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የኒውዮርክ ፍርድ ቤት 1.2 ሚሊዮን ዶላር ፈረደለት።

እኔን የቆረቆረኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። ያቺ ጥግ ላይ ያለች ስም ወደ እማማ የምታደርስ መንገድ ነበረች። ስሜን ያየ ሰው ይደውልልኛል፤ እኔ ደግሞ ወለቃ ወርጄ «እማማ፣ ቡና ላይ ሊያወጡዎት ይፈልጋሉ፣ ይፈቅዳሉ? ስንት ይክፈሉ?» እላቸዋለሁ። ስሙ ሲቆረጥ የሚጠየቅ ሰው ጠፋ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ክልከላው ልዩ ሁኔታዎች እንዳሉት አውቃለሁ፤ የቡና ማሸጊያ ግን ከነሱ አንዱ አይደለም። እሳቸው የፈቀዱት ለእኔ ነው፤ ያውም አጥቤ እንዳመጣላቸው።

ዲዛይነሮችን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ከማውረዳችሁ በፊት ጠይቁ። ብዙዎቻችን ለትምህርት ቤት፣ ለዕድር፣ ለበጎ አድራጎት ሲሆን በነፃ እንሰጣለን። ባለቤቱን ፈልጋችሁ ካጣችሁት ሌላ ፎቶ ምረጡ፤ አልያም አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ ቅጠሩ፣ ሥራ የሚፈልግ ሞልቷል።

ማሸጊያውን ባየሁበት ዓመት ወለቃ ሄድኩ። ከእኔ በፊት የልጅ ልጃቸው ፓኬቱን ከጎንደር ገበያ አምጥቶላቸው ኖሯል። ሰላም ከተባባልን በኋላ ዝም ብለው አዩኝ፤ ከዚያ «ልጄ፣ በስንት ሸጥከኝ?» አሉኝ።

እንዳልሸጥኳቸው ለማስረዳት ያን ከሰዓት በሙሉ ፈጀሁ። ያመኑኝ ይመስለኛል። ቡናው አልቆ ባዶው ፓኬት ግድግዳው ላይ፣ እኔ አጥቤ ከሰጠኋቸው ፎቶ ጎን በሚስማር ተመትቷል።