የተሰበረ ጎድን አይታሰርም!

ዛሬ ምክር ብቻ ሳይሆን ትንሽ ቅሬታም ይዤ መጥቻለሁ።

አንድ አባት አይረሱኝም። ባጃጅ ተገልብጦ ጎናቸውን ከተመቱ 6 ቀናቸው ነው። በዚህ በድሬ ሙቀት ከብብታቸው እስከ እምብርታቸው በነጠላ ጥፍር ተደርገው ታስረዋል።

«አባባ፣ ለምን አሰርከው?» አልኳቸው፣ በድሬ ወግ።

«እንዲገጥም ነዋ!» አሉኝ። ይቺን ለመናገር እንኳ መሃል ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር።

ትኩሳት አላቸው፣ አክታ አላቸው፣ ግን ማሳል አልቻሉም። ሳንባቸው ምች ይዞት ነበር። እንደኔ አስተያየት ስብራቱ ብቻውን አይደለም እዚህ ያደረሳቸው፤ ማሰሪያውም አግዞታል።

እጅ ሲሰበር ይታሰራል፣ ደረትስ ለምን አይታሰርም? መልሱ ቀላል ነው፤ እጅ ማረፍ ይችላል፣ ደረት ግን አያርፍም። ጤነኛ አዋቂ ሰው ቁጭ ብሎ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። 15 ብንል እንኳ በቀን 21,600 ጊዜ መሆኑ ነው!

እስቲ አሁን ሁለት እጃችሁን ጎንና ጎናችሁ ላይ አድርጉና በረጅሙ አየር ሳቡ። እጃችሁ ወደ ውጭ ተገፋ አይደል? ሳንባ ራሱን የሚነፋበት ጡንቻ የለውም። የሚከፍተው የደረት ግድግዳ ነው። 12 ጥንድ የጎድን አጥንቶች አሉን፤ ሁሉም ከኋላ ከአከርካሪ ጋር ተያይዘዋል። የላይኞቹ 7 ጥንዶች በልም አጥንት አማካይነት በቀጥታ ከፊተኛው የደረት አጥንት ጋር ይገናኛሉ። ቀጣዮቹ 3 ከበላያቸው ያለው ልም አጥንት ላይ ይደገፋሉ። የመጨረሻዎቹ 2 ከፊት በኩል ነጻ ናቸው። በየጎድኑ መሃል ጡንቻ አለ፤ ከታች ደግሞ ደረትን ከሆድ የሚለየው ድያፍራም የተባለው ጡንቻ አለ። አየር ስንስብ ድያፍራም ይወርዳል፣ ጎድኖች ይነሳሉ፣ ደረት ይሰፋል፣ አየር ይገባል።

ባጭሩ ደረት የአንጥረኛ ወናፍ ነው። ወናፉን በገመድ ጠፍሮ «እሳቱ ለምን ጠፋ?» ማለት አይቻልም።

ደረት ሲታሰር ሰውየው ትንሽ ትንሽ ብቻ ይተነፍሳል። የሳንባው የታችኛው ክፍል በደንብ አይከፈትም። ማሳል ስለማይችል አክታው እዚያው ይጠራቀማል። ከዚያ ምች ይከተላል። በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች፣ አጫሾችና አስም ያለባቸው ይጎዳሉ።

ወጌሻዎቻችንን ለመውቀስ አይደለም። የሚያስሩት ለመርዳት ብለው ነው፤ ማሰር ሕመሙን ለጊዜው ቀለል ማድረጉም እውነት ነው። እኛም ሐኪሞች ጥፋት አለብን። ራጅ አይተን «ስብራት የለም፣ ሂድ» እንላለን። የጎድን ስንጥቅ ራጅ ላይ ላይታይ እንደሚችል፣ እቤት ሄዶ እንዴት መተንፈስ እንዳለበት ግን ቁጭ ብለን አናስረዳም። ያልተነገረው ሰው ወደሚያውቀው ቢሄድ ምን ይገርማል?

ታዲያ ምን እናድርግ?

• ሕመሙን ማስታገስ ዋናው ሕክምና ነው። «ወንድ ልጅ ይችለዋል» አይሠራም፤ ያመመው ሰው በደንብ አይተነፍስም። ግን ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለባችሁ፣ ዳይክሎፌናክን በራሳችሁ ገዝታችሁ አትውሰዱ።
• ነቅታችሁ ባላችሁበት ጊዜ በየሰዓቱ 10 ጊዜ ያህል በቀስታና በረጅሙ ተንፍሱ።
• ሳል ሲመጣ አታፍኑት። ትራስ የተመታው ቦታ ላይ ደግፋችሁ ሳሉ።
• ቀኑን ሙሉ አትተኙ፤ ቁጭ በሉ፣ ወዲያ ወዲህ በሉ። አጥንቱ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ሳምንት ገደማ በራሱ ይገጥማል።

እነዚህን ካያችሁ ግን ነገ አትበሉ፣ ቀንም ሆነ ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፦ ትንፋሽ ማጠር፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ትኩሳት፣ የከንፈር መጥቆር፣ አየር ሲሳብ ከሌላው ተለይቶ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ የደረት ክፍል። የታችኛው ጎድን ተመትቶ የሆድ ሕመም ወይም ራስ ማዞር ከመጣም እንዲሁ። ከታችኞቹ ጎድኖች ሥር በቀኝ ጉበት፣ በግራ ጣፊያ አሉ፤ ውስጥ ለውስጥ ሊደሙ ይችላሉ።

እኚያ አባት ነጠላው ተፈቶ ማስታገሻ ሲያገኙ መጀመሪያ ያደረጉት በረጅሙ መተንፈስ ነው። «አቦ፣ ይሄኮ ነው የጠፋኝ!» አሉ። ታክመው፣ ድነው ወጡ።

ከቀፊራ እስከ ሳቢያን ባጃጅ የማይሳፈር ማን አለ? ነገ እናንተም፣ እናታችሁም ልትወድቁ ትችላላችሁ። የዚያን ቀን ነጠላ ይዞ የሚመጣ አይጠፋምና ይህን ጽሑፍ አስታውሱት። እስከዚያው ለቤተሰብና ለጎረቤት ሼር አድርጉት።

መልካም ጤና!