«ጌሙ ይጎተታል»፦ የተሸናፊ ሰበብ ወይስ እውነት?

ገርጂም ይሁን ሰሚት፣ ሲኤምሲም ይሁን ቦሌ ሚካኤል፣ ወደ አንዱ ፕሌይስቴሽን ቤት ጎራ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ክርክር ነው። ሁለት ልጆች ጆይስቲክ ይዘው ተቀምጠዋል። አንዱ በአርሰናል፣ ሌላው በማንቸስተር ዩናይትድ ይጫወታል፤ ከኋላቸው ተራ የሚጠብቁ ቆመዋል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ጎል ይገባል። የገባበት ልጅ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «አቦ ተጫንኩ እኮ! ጌሙ ይጎተታል!» ይላል። ያገባው ደግሞ «ሒሳብህን ክፈልና ተነስ» ይለዋል። ሕጉ የታወቀ ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል።

ለመሆኑ ይህ ልጅ እውነቱን ነው ወይስ እንደ አንዳንድ አሰልጣኞች ሽንፈቱን በሜዳው እያሳበበ ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ መልሱ ብዙ ነገር ይዟል።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ፍሬም ከሚባለው ነገር ነው። ስክሪን ላይ ሲሮጥ የሚታየው ሳካ በእርግጥ አይሮጥም፤ በፍጥነት የሚቀያየሩ የቆሙ ምስሎች ናቸው። በአንድ ሴኮንድ ስንት ምስል ይቀያየራል የሚለው ቁጥር ፍሬም ሬት ይባላል። 30 ከሆነ አንዱ ምስል 33 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይቆያል፤ 60 ከሆነ 17 ያህል፤ 120 ከሆነ ደግሞ 8 ያህል ብቻ። ሚሊ ሴኮንድ ማለት የአንድ ሴኮንድ አንድ ሺህኛ ነው።

ይህን ወደ ኳስ እንመልሰው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር ፍጹም ቅጣት ምት 11 ሜትሩን ለመጨረስ 0.4 ሴኮንድ ገደማ ይበቃዋል። ጌሙ በ30 ፍሬም ከሄደ ተጫዋቹ ኳሷ ግቡ እስክትደርስ የሚያየው 12 ምስል ያህል ነው። በ60 ከሄደ 24 ያያል። በ30ው ላይ ኳሷ ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው አንድ ሜትር ገደማ ትዘላለች ማለት ነው። የግቡ ስፋት 7.32 ሜትር መሆኑን ለሚያውቅ ሰው አንድ ሜትር ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ «ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ነው፤ ማን ቅር ብሎት ያውቃል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሲኒማ በ24 ይሠራል። የፊልም ተመልካች ግን ቁጭ ብሎ ያያል እንጂ አክተሩን አያዝዝም። ጌም ላይ ዓይን ብቻ ሳይሆን ጣትም አለ። ልጁ ይጫናል፣ ማሽኑ ያሰላል፣ ምስሉ ይሳላል፣ ቴሌቪዥኑ ያሳያል። ምስሉ በዘገየ ቁጥር ይህ ሰንሰለት በሙሉ ይረዝማል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ የምስሉ መንቀጥቀጥ ከዓይን ይልቅ በእጅ ላይ የሚታወቀው። «ከብዶኛል» የሚሉት ይህንኑ ነው።

በጥናትም ተረጋግጧል። በአሜሪካው ዎርሴስተር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ማርክ ክሌይፑልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት የተኩስ ጌም የሚጫወቱ ሰዎችን ፈትነው ነበር። ውጤቱ እንዳሳየው የምስሉ ጥራት መቀነስ ተጫዋቹን ብዙም አልጎዳውም፤ የፍሬሙ ቁጥር መውረድ ግን ክፉኛ ጎድቶታል። በአጭሩ ቆንጆ ከሆነ ግን ከሚጎተት ምስል ይልቅ ደብዘዝ ያለ ፈጣን ምስል ይሻላል።

ነገሩ ለአዲስ አበባ ልጅ አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲጠቀምበት የቆየው ፓል የሚባለውን አሠራር ሲሆን ይህ በሴኮንድ በ50 ይሄዳል፤ የጃፓንና የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ደግሞ በ60። በፕሌይስቴሽን 1 እና 2 ዘመን ለአውሮፓ የተዘጋጁ ብዙ ጌሞች ከ60 ወደ 50 ሲወርዱ ከጃፓኑ ቅጂ የዘገዩ ነበሩ፤ ከስድስት እጅ አንዱ ፍጥነታቸው ይቀንስ ነበር። የጃፓኑን ዊኒንግ ኢለቨን የለመደ ሰው የአውሮፓውን ፕሮ ኢቮሉሽን ሲነካ «ይሄስ ተኝቷል» ቢል አይፈረድበትም። በሌላ በኩል ፓል ብቻ በሚያውቅ አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ የጃፓኑ ሲዲ ሲገባ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ታዲያ ዛሬስ? ብዙዎች የማያስተውሉት እውነት እዚህ ጋር ነው። የእግር ኳስ ጌሞች ከድሮም ለፍጥነት ቅድሚያ ይሰጣሉ። ፊፋ በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ጨዋታው በ60 ፍሬም ነው የሚሄደው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ስሙን ቀይሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ከተባለም በኋላ ይህ አልተለወጠም። ስለዚህ «እዚያ ቤት ፕሌይስቴሽን 5 ስላለ ነው የተሸነፍኩት» የሚለው ብዙ አያስኬድም።

ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ሳይሆን ፊት ለፊት የተሰቀለው ቴሌቪዥን ነው። ዘመናዊ ፍላት ስክሪን ምስሉን ከማሳየቱ በፊት ለማሳመር ይደክማል። ቀለም ያስተካክላል፤ እንቅስቃሴው እንዲለሰልስ ከራሱ ምስል ፈጥሮ በመሃል ይሰካል። ለፕሪሚየር ሊግ ቀጥታ ስርጭት ይህ ጥሩ ነው። ለጌም ግን መርዝ ነው፤ የተጨመረው ምስል ልጁ የተጫነውን አያውቅምና። አንዳንድ ቴሌቪዥን በዚህ የተነሳ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሴኮንድ ያዘገያል። ይህ ከ30 ወደ 60 ፍሬም በመሸጋገር ከሚገኘው ትርፍ ይበልጣል። መድኃኒቱ ደግሞ ነጻ ነው፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ «ጌም ሞድ» የሚለውን ማብራት።

ከ60 ወደ 120 መውጣትስ? ፕሌይስቴሽን 5 እስከ 120 መላክ ይችላል። ቴሌቪዥኑ 60 ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ግን ቀሪው ከንቱ ነው። ቢያሳይም ትርፉ ለአንድ ምስል 8 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ነው። ከ30 ወደ 60 ሲኬድ ሁሉም ያውቀዋል፤ ከ60 በላይ የሚያውቀው ቀን ከሌት የሚጫወተው ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ደግሞ መረጋጋቱ ይበልጣል። አንዴ 60 አንዴ 35 የሚል ጌም ሳይዋዥቅ በ30 ከሚሄደው የባሰ ያበሳጫል፤ እጅ ምቱን ሊለምደው አይችልም። ስልካቸው ሲግል ኢፉትቦል የሚቆራረጥባቸው ልጆች ይህን በደንብ ያውቁታል።

አሁን ወደ ተሸናፊው ልጅ እንመለስ። ከሳሾቹ የሚያነሱት ነጥብ ጠንካራ ነው፤ ሁለቱም አንድ ስክሪን ላይ ናቸው፣ መጎተቱ ለሁለቱም እኩል ነው። ግን እኩል መሆኑ ፍትሐዊ አያደርገውም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሁለቱም ቡድን የሚተነፍሰው አንድ አየር ነው፤ የሚያለከልከው ግን እንግዳው ነው። የቤቱ ደንበኛ የዚያን ቴሌቪዥን መዘግየት ስለለመደው ቀደም ብሎ ይጫናል። ከሌላ ሰፈር የመጣው ደግሞ በራሱ ሰዓት ይጫናል፣ ይዘገያል፣ ይከፍላል።

ጉዳዩ ከሻይ ቤት ወሬ ያለፈ ነው። ጀርመናዊው ሞሐመድ ሃርኩስ እ.ኤ.አ. በ2019 ለንደን ላይ የፊፋን የኢ-ስፖርት ዓለም ዋንጫ ወስዷል። ፊፋ በ2024 ከኮናሚ ጋር ባዘጋጀው የሪያዱ ውድድር ደግሞ በስልክ የሚጫወቱም የራሳቸው ዋንጫ ነበራቸው። ከገርጂ ወይም ከአያት አንድ ልጅ እዚያ ለመድረስ ቢያልም በሚጎተት ስክሪን ላይ የለመደው ጣት ውድድሩ ላይ ከድቶት ያድራል። የተሳሳተ ሰዓት ለምዷልና።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው። «ጌሙ ይጎተታል» ማለት ሁልጊዜ ሰበብ አይደለም፤ ሁልጊዜም እውነት አይደለም። የቤቱ ባለቤት ጌም ሞዱን ያብራ፣ ላስቲኩ ያለቀ ጆይስቲክ ይቀይር። እንግዳው ደግሞ ብር ከማስያዙ በፊት አንድ ጨዋታ ለሙከራ ይጠይቅ። ከዚያ በኋላ 4 ለ 0 የተሸነፈ ፍሬም ላይ አያሳብብ። እሱ ተከላካይ ነው የሌለው።