አዲስ ጫማ ለጣሊያን መንገድ

ከጣሊያን ስመለስ ስለ ጉዞው እንድጽፍ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። እስካሁን ያዘገየሁት ልጽፈው የፈለግኩት ነገር የእኔ ብቻ ስላልሆነ ነው። ባለፈው እሑድ የጉዳዩ ባለቤት «ጻፊው ሲስተር፣ ሌላው ይማርበት» ብለው ፈቀዱልኝ። ስማቸውን አልጠራም፤ ጋሼ እንበላቸው።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ከአዲስ አበባ በቡድን የተነሳነው አሥራ ስድስት ሰዎች ነበርን። አብዛኞቻችን ጡረተኞች ነን፤ ወጪያችንን የቻሉት ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን ናቸው። ሚላኖ አርፈን፣ ቬኒስን፣ ፍሎረንስንና ፒሳን አይተን፣ ወደ ሊጉሪያ ባሕር ዳርቻ ወርደን፣ በመጨረሻ ሮም ገብተን ከዚያው ልንመለስ ነው ዕቅዱ። ስለ ቪዛው ውጣ ውረድ ብዙ አልልም። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፦ ለሸንገን ቪዛ የሚጠየቀውን የጉዞ የጤና መድን (ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት) ሁላችንም የወረቀት ማሟያ አድርገን ነበር ያየነው። የውሉን ቅጂ ሻንጣ ውስጥ ወርውረን በአውሮፕላኑ ሆድ ላክነው። እኔም ጭምር፣ ነርሷ።

ጋሼ 74 ዓመታቸው ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ከባድ መኪና ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው እጃቸው ያልገባ የፊያት ኤንትሬ ሞተር የለም ይላሉ። ጣሊያንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር አይችሉም፤ ግን የጋራዥ ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነውና ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ እያሉ ከአውቶቡሱ ሾፌር ጋር በመጀመሪያው ቀን ወዳጅ ሆኑ። «ካምቢዮ» ብለው ጆሯቸውን ሲያሳዩትና ራሳቸውን ሲነቀንቁ፣ ማርሹ ይጮሃል ማለታቸው መሆኑ ገብቶት ሰውየው በሳቅ ሞተ።

ስኳር ካለባቸው 16 ዓመት ሆኗል። ኢንሱሊን ይወጋሉ። ኢንሱሊኑን በእጅ ቦርሳ እንዲይዙ፣ በአውቶቡሱ የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ከሙቀት ጋር እንዳይተዉት አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር፤ አንዲት ቀን እንኳ አላዛነፉም። ታዲያ ቦሌ ስንገናኝ እግራቸው ላይ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ቡናማ የቆዳ ጫማ አየሁ። አሜሪካ ያለው ልጃቸው ለዚሁ ጉዞ የላከላቸው ነው። ቁጥሩ ልክ ነበር፤ ቆዳው ግን ገና ያልለመደ፣ ድርቅ ያለ። «ያምራል ጋሼ» አልኩ። ያልኩት ይህንኑ ነው።

ቬኒስ መኪና የሌለበት ከተማ ነው። አውቶቡሱ ከደሴቲቱ ደጃፍ ይመልሳችኋል፤ ከዚያ ወዲያ ቫፖሬቶ የሚሉት የውሃ አውቶቡስ ወይም እግራችሁ ነው። ከ400 በላይ ድልድይ አለ፤ አብዛኛው ደረጃ ወጥቶ ደረጃ የሚወርድ ነው። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ካላችሁ፣ ልጆቻችሁ «ቬኒስ እንሂድ» ሲሏችሁ ይህን አትርሱ። ውበቱን ለመናገር ግን እኔ አቅም የለኝም። በማግሥቱ ጠዋት ገበያው ሳይሞላ አትክልት የጫነች ጀልባ በቦዩ ውስጥ ስትመጣ ሳይ፣ አህያ የምትጠበቅበት ሰዓት ጀልባ የመጣች መሰለኝ።

ፍሎረንስ ላይ ሌሎቹ የብሩኔሌስኪን ጉልላት ሊወጡ ተሰለፉ። 463 ደረጃ ነው፤ ሁለት ሰዎች ብቻ ጨረሱት። እኔ ግን ከተማሪነቴ ጀምሮ ስሙን የምሰማው ሌላ ቤት ነበረኝ፤ ያው ብሩኔሌስኪ የነደፈው የንጹሐን ሆስፒታል፣ ለተጣሉ ሕፃናት ተብሎ የተሠራ ማሳደጊያ። ግንባታው በ1419 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ የመጀመሪያዋ ሕፃን በ1445 ገባች፤ ስሟን አጋታ ስሜራልዳ አሏት። ፊት ለፊቱ ላይ በሰማያዊ ክብ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለሉ ነጫጭ ሕፃናት ተቀርጸዋል። የሕፃናት ክፍል ውስጥ ለሠራ ሰው እነሱን ቆሞ ማየት ብቻውን ጉዞውን ያስከፍላል።

ጋሼ አብረውኝ መጡ። አሁን ሙዚየም ሆኗል። ውስጡ ትንንሽ መሳቢያዎች አሉ፤ ስትስቧቸው እናቶች ልጆቻቸውን ሲተዉ አብረው ያስቀመጧቸው ምልክቶች ናቸው፤ ለሁለት የተሰበረ ሜዳልያ፣ ዶቃ፣ ቁራጭ ነገር። ግማሹ ከሕፃኑ ጋር ይቀራል፣ ግማሹን እናቲቱ ትይዛለች፤ አንድ ቀን ተመልሳ ብትመጣ ሁለቱ ገጥመው ልጇ መሆኑ እንዲታወቅ። ጋሼ ከአንዱ መሳቢያ ፊት ረጅም ጊዜ ቆሙ። ልጃቸው ከአገር ከወጣ 11 ዓመቱ ነው። ምንም አላሉም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ወደ ሆቴል ስንመለስ ነው ያየሁት። ቀኝ እግራቸውን በውስጥ በኩል አድርገው ነው የሚረግጡት። ጥቂት ነው፤ ለማያውቅ ሰው አይታይም።

«ጋሼ፣ እግርዎ ደህና ነው?»

«ኧረ ምንም! ድንጋዩ ነው እንጂ። አያመኝም።»

ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። ስኳር ለዓመታት ከፍ እያለ ሲኖር የእግርን ነርቭ እንደሚያደነዝዝ፣ ወደ እግር የሚወርደውንም ደም እንደሚያሳንስ፣ ሰውየው ሚስማር ቢረግጥ ላይሰማው እንደሚችል ለስንት ተማሪ አስተምሬያለሁ። የቆየ ስኳር ያለበት ሰው እያነከሰ «አያመኝም» ካለ፣ ያን ጊዜ ነው ጫማው የሚወልቀው። አውቀዋለሁ። ግን በሆቴሉ መግቢያ፣ በሰው ፊት፣ አንድን ትልቅ ሰው «ካልሲዎን ያውልቁ» ማለት ከበደኝ። ማታ ክፍላቸውን አንኳኩቼ ልይ ብዬ አሰብኩ፤ እሱም አሳፈረኝ። ይሉኝታ ያዘኝና ተኛሁ።

ፒሳን በሁለት ሰዓት ጨረስነው። ግንቡ እውነትም ዘንበል ብሏል። ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ የደገፈ እየመሰለ ፎቶ ይነሳል፤ እኛም ተነሳን።

ከዚያ ቺንኩዌ ቴሬ ደረስን፤ «አምስቱ መሬቶች» ማለት ነው፤ በገደልና በባሕር መካከል የተለጠፉ አምስት መንደሮች ናቸው፣ ባቡር ከአንዱ ወደ ሌላው በደቂቃዎች ያደርሳል። ኮርኒሊያ የምትባለው ከጣቢያዋ ወደ መንደሯ ለመድረስ ወደ 380 የሚጠጋ ደረጃ ስላላት ዘለልናት። ሞንቴሮሶ ግን አሸዋማ የባሕር ዳርቻ አላት። ሴቶቹ ቀሚሳችንን ሰብሰብ አድርገን ገባን። ጋሼም «እኔስ ምን ቀረኝ» ብለው ከግንቡ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁ።

የቀኝ እግራቸው ካልሲ ከትንሿ ጣት ሥር ቡናማ ሆኖ ደርቋል። ስገፈው ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ነበር። የሃያ አምስት ሳንቲም የምታህል ቁስል፣ ጠርዟ የነጣ፣ ሽታ ያላት። ቅላቱ እስከ እግሩ ጀርባ ወጥቷል፤ ሲዳሰስ ይፋጃል።

«ሲስተር፣ ይሄ መቼ መጣ?» አሉኝ። የደነገጡት እንደ ሕፃን ነው።

አንዷ እህታችን «ባሕሩ ውስጥ ይንከሩት፣ ጨው ያደርቀዋል» አለች። ሌላው አልኮል ሊያፈስበት አወጣ። ሁለቱንም ከለከልኩ። በታሸገ ውሃ አጠብኩት፣ በንጹሕ ፋሻ ሸፈንኩት፣ እግሩም መሬት እንዳይነካ አዘዝኩ። አስጎብኚያችን 112 ደወለ።

በአምቡላንስ ላ ስፔዚያ ከተማ ደረስን። እዚያ አገር የድንገተኛ ክፍል በር ላይ የምትቀበላችሁ ነርስ ናት፤ እንደ አጣዳፊነቱ ቀለም ትሰጣለች፦ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ውሃ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ። ለጋሼ ውሃ ሰማያዊ ደረሳቸው። ስኳራቸው 380 ነበር። አንቲባዮቲክ በደም ሥር ተጀመረ፤ ራጅ ተነሱ፤ አጥንቱ ላይ ምንም አልታየም፤ ግን ሐኪሙ የአጥንት ጉዳት በራጅ የሚታየው ዘግይቶ ስለሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲደገም አሳሰበ። ጋሼ እግራቸውን እያሳዩ «ጎማ» ሲሉት ወጣቱ ሐኪም ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። ለዚያች ቅጽበት ሁላችንም ቀለል አለን። የመድኑ ስልክ ቁጥር ያለበት ወረቀት ሆቴል በሻንጣ ውስጥ ነበር። ያዳነችን አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ናት፤ ቪዛ ስናመለክት ፎቶ አንስታ በስልኳ ይዛው ኖሯል።

ማታውን ቡድኑ ተሰበሰበ። አውቶቡሱ ጠዋት ወደ ሮም ይነሳል፤ ሆቴሉ ተከፍሎበታል። ማን ይቅር? አንዱ «ልጃቸው ይምጣ» አለ። ሌላዋ «አንቺ ሲስተር አይደለሽ? አንቺ ቅሪ» አለች። መቅረቴንማ አስቀድሜ ወስኛለሁ፤ ግን እንደ ዕቃ ስመደብ ተናደድኩ፤ ክፉ ቃልም ወጣኝ። ፍሎረንስ ላይ ዝም ያልኩበት ጸጸት መሆኑን አሁን ነው የማውቀው። ደግነቱ ጠዋት ሳይነሱ ሁሉም እያዋጡ በፖስታ ገንዘብ ሰጡኝ፤ ክፉ ቃል የተናገርኳትም ጋቢዋን ለጋሼ ተወችላቸው።

አራት ቀን ኮሪደር ላይ ዋልኩ። ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያነሱት፦ ሮም። ቅዱስ ጴጥሮስን ወይም ኮሎሲየምን አይደለም፤ የአክሱም ሐውልት የቆመበትን ቦታ። ሐውልቱ በ1929 ዓ.ም. ተወስዶ ከጣሊያን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ፊት ተተከለ። በ1939ኙ የሰላም ውል ጣሊያን በ18 ወር ውስጥ የዘረፈችውን ልትመልስ ፈርማ ነበር፤ የተመለሰው ግን በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው፣ በሦስት ተቆርጦ፣ በአንቶኖቭ 124 አውሮፕላን። ጋሼን የሚያስደንቃቸው እንደ መካኒክ ነው። «160 ቶን እኮ ነው ሲስተር! በዚያን ዘመን መኪና፣ በዚያ ዳገት፣ እስከ ምጽዋ! ፍሬኑስ እንዴት ቻለ?» እያሉ ምሽቱን ያሰሉት ነበር። ሐኪሞቹ ጥቂት ቀን እንዲቆዩ ፈልገው ነበር፤ የመመለሻ በረራችን ደረሰና የሚዋጥ መድኃኒትና ለአዲስ አበባ ሐኪም ደብዳቤ ሰጥተው ለቀቁን።

በባቡር ሮም ገባን፤ ጋሼ በተሽከርካሪ ወንበር። ከተርሚኒ ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል፤ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ይህን ስነግራቸው ኮፍያቸውን አስተካከሉ። ታክሲ ይዘን ፖርታ ካፔና ወረድን። የቀድሞው ሚኒስቴር አሁን የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ሐውልቱ በነበረበት አካባቢ መኪና ይተራመሳል፤ ዳር ላይ ሁለት አጫጭር ዓምዶች ቆመዋል። ሌላ የሚታይ የለም።

«የለም» አሉ ጋሼ።

«የለም፤ አክሱም ነው ያለው።»

«አውቃለሁ። አለመኖሩን ለማየት ነው የመጣሁት።» ከዚያ ፎቶ አንሺኝ አሉ፤ ባዶው ቦታ ከኋላቸው እንዲታይ አድርጌ አነሳኋቸው።

አዲስ አበባ ከገባን በኋላ ራጁ ሲደገም አጥንቱ ተነክቶ ተገኘ። ሐምሌ ውስጥ ትንሿ ጣት ተቆረጠች። ጋሼ ለልጃቸው ጫማው መሆኑን እንዳልናገር አስምለውኝ ነበር። ልጅየው ደውሎ «ጫማው ተስማማዎት አባዬ?» ባለ ቁጥር «እንደ ጓንት!» ይሉታል። በመጨረሻ ራሳቸው ነገሩት። ስልኩ ላይ ብዙ ጊዜ ዝም አለ አሉ። በሳምንቱ የእግራቸውን ስፋት በወረቀት ላይ አስነድፈው እንዲልኩለት ጠየቀ።

እሑድ ቤታቸው ስሄድ ከሰዓት በኋላ ነበር። በለብታ ውሃ ታጥበው (ሙቀቱን በክርናቸው ነው የሚለኩት)፣ የጣቶቻቸውን መካከል በፎጣ እያደረቁ አገኘኋቸው። ወለሉ ላይ መስታወት አለ፤ ሳየው የመኪና ስፖኪዮ ነው፣ ከአሮጌ ኤንትሬ የተፈታ፣ የውስጥ እግራቸውን ለማየት በእንጨት ላይ ያሰሩት። ቡናማው ጫማ ከቡፌው ላይ ከልጃቸው የምረቃ ፎቶ ጎን ተቀምጧል፤ ተወልውሏል።

«ነይ ሲስተር» አሉኝ፣ ስፖኪዮውን ወደ እኔ እያዞሩ። «ተራሽ ነው፤ ጫማሽን አውልቂ።»

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።